ተጠባባቂ ጄኔሬተር ሲበላሽ፦ ከማሳወቅ እስከ መፈተን

ጅማ ውስጥ መብራት ሲጠፋ በየግቢው ጄኔሬተር ይነሳል። በክሊኒኩ፣ በሆቴሉ፣ በባንኩ፣ በቡና መፈልፈያው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ያንን ጄኔሬተር ለሚያስነሱ፣ ለሚጠግኑና ለሚያስተዳድሩ ሰዎች ነው። ከሁሉ በላይ ግን የሆስፒታልና የጤና ጣቢያ ጄኔሬተር የሚይዙትን አስቤያለሁ። ኦክስጅን ማሽን ላይ ያለ ታማሚ ወይም ማሞቂያ ውስጥ የተኛ ጨቅላ መብራት እስኪመጣ የመጠበቅ አቅም የለውም።

ሥርዓቱን የወሰድኩት ከኒውክሌር ኃይል ማመንጫዎች ነው። አገራችን እንዲህ ያለ ማመንጫ የላትም። ግን እዚያ ያለው ተጠባባቂ ዲዝል ጄኔሬተርና የእኛው ሥራቸው አንድ ነው፤ ዋናው መስመር ሲቋረጥ ተነስተው ሕይወት ያቆያሉ። ሪአክተር (ሙቀቱን የሚያመነጨው የማመንጫው ልብ) ቢዘጋም ሙቀቱ ወዲያው አይጠፋም። እንደተዘጋ ከሙሉ ጉልበቱ 6 በመቶ ገደማ ማመንጨቱን ይቀጥላል። ስለዚህ የማቀዝቀዣ ፓምፖች መሥራት አለባቸው። ፓምፖቹ ደግሞ ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ።

እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011 ጃፓን ፉኩሺማ ላይ የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል። የመሬት መንቀጥቀጡ የውጭውን መስመር በጠሰ። ጄኔሬተሮቹ እንደታሰበው ተነሱ። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሱናሚ መጣና አብዛኞቹን አሰጠመ። ብዙዎቹ የተተከሉት ምድር ቤት ውስጥ ነበር። 6ኛው ሪአክተር ጋ የነበረ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ አንድ ጄኔሬተር ግን ተረፈ። 5ኛውንና 6ኛውን ሪአክተር ያቆየው እሱ ነው። የእኛ ጄኔሬተር ሱናሚ አያሰጋውም። ነገር ግን ክረምት ላይ አዌቱ ሲሞላ ውሃ የሚገባበት ቦታ ላይ ከተተከለ ቦታው ራሱ ብልሽት ነው። መመዝገብም አለበት።

ምን ምን ይመዘገባል?

ተጠባባቂ ማሽን ብልሽቱን ይደብቃል። መኪና ሲታመም በማግስቱ መንገድ ላይ ታውቃላችሁ። ጄኔሬተር ግን ወር ሙሉ ቆሞ፣ ባትሪው ሞቶ፣ ማንም ሳያውቅ ሊቆይ ይችላል። የሚታወቀው መብራት የጠፋ ቀን ነው።

ስለዚህ «እስካሁን እየሠራ ነው» የሚለውን መልስ አትቀበሉ። ከማሽኑ ሥር የታየ የዘይት ጠብታ ይመዘገባል። በመጀመሪያው ሙከራ ሳይነሳ በሁለተኛው ከተነሳ ይመዘገባል። ለጥቂት ሰከንድ በርቶ የጠፋ የማስጠንቀቂያ መብራት ይመዘገባል። የተለየ ድምፅ፣ የጭስ ቀለም ለውጥ፣ የላላ ሽቦ፣ ማርሚታው ላይ የተሠራ የወፍ ጎጆ፣ ሁሉም ይገባሉ።

ሴንሰር ላይ ያለ ችግርን በተለይ አትናቁ። እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 1990 አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ ባለው የቮግትል ማመንጫ አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ የኤሌክትሪክ መስመር የተሸከመ ምሰሶ ገጨ። መብራት ጠፋ። አንዱ ጄኔሬተር ለጥገና ተፈታቶ ነበር። ሌላኛው ተነሳ፣ ጠፋ። ደግሞ ተነሳ፣ ደግሞ ጠፋ። መብራት የተመለሰው ከ36 ደቂቃ በኋላ በአስቸኳይ መንገድ ሲያስነሱት ነው። ሞተሩ ጤነኛ ነበር። ያጠፋው የማቀዝቀዣውን ውሃ ሙቀት የሚለካው መሣሪያ ነው።

መጀመሪያ ጻፉ፣ ከዚያ ንኩ

ብልሽት ስታዩ እጃችሁ ወደ ሪሴት ቁልፍ ይሄዳል። እጃችሁን ያዙ። ታማሚ አደጋ ላይ ከሆነ በእርግጥ መጀመሪያ ኃይል ይመለስ፤ እሱን የሚቀድም ነገር የለም። ካልሆነ ግን የፓነሉን ስክሪን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ሪሴት ስታደርጉ ብዙ ፓነሎች የስህተት ኮዱን ከስክሪኑ ያነሱታል። መካኒኩ ሲመጣ የሚያየው ጤነኛ የሚመስል ማሽን ይሆናል።

«ጄኔሬተሩ አስቸግሯል» የሚል ማስታወሻ ለማንም አይጠቅምም። የሚጠቅመው እንዲህ ያለው ነው፦

«ኅዳር 9፣ ከሌሊቱ 8፡20። መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር ቁጥር 2 በራሱ አልተነሳም። ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ቆመ። ቮልቱ ቆሞ ሳለ 24.6 ያሳይ ነበር፤ ሊነሳ ሲሞክር ወደ 15 ወረደ። በእጅ፣ በሦስተኛው ሙከራ ተነሳ። እስኪነሳ 4 ደቂቃ ሄዷል። ሲነሳ ጭሱ ነጭ ነበር፣ ኋላ ጠራ። ሰዓት ቆጣሪው 1,312 ይላል። ምንም አልፈታሁም። ለተረኛዋ ነርስና ለጥገና ኃላፊው ደውያለሁ።»

ይህን ያነበበ መካኒክ ከቤቱ ሳይወጣ ግማሹን ያውቃል። ባትሪው ደክሟል ወይም የባትሪው እግር ላልቷል። ቴስተር ይዞ ይመጣል፤ ሞተሩን መፍታት አይጀምርም። ማስታወሻው መቼ፣ የቱ ማሽን፣ ምን ታየ፣ ምን ተነካ፣ ለማን ተነገረ የሚሉትን ይመልሳል። ግምታችሁን መጻፍ ከፈለጋችሁ «ይመስለኛል» ብላችሁ ለብቻው ጻፉት። ያያችሁትና የገመታችሁት ከተቀላቀለ ጥገናው ይሳሳታል።

ደብተሩ ወፍራም ይሁን፣ ገጾቹ ቁጥር ይኑራቸው፣ ከጄኔሬተሩ ክፍል አይውጣ። ኦሮምኛ የሚቀለው በኦሮምኛ ይጻፍ፣ አማርኛ የሚቀለው በአማርኛ። ጅማ ላይ አንባቢው ለሁለቱም አይጠፋም። ቋንቋ መርጦ ሲያስብ ሳይጽፍ የቀረ ማስታወሻ ነው የሚጎዳን።

በብዙ ግቢ ሌሊት ጄኔሬተሩን የሚያስነሳው የጥበቃ ሠራተኛው ነው። ማሽኑን ከማንም በላይ የሰማው እሱ ነው። ጠዋት ስትገቡ «ጋሼ፣ ማታ ሲነሳ እንዴት ነበር? ቶሎ ያዘ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ደብተሩ ላይ አስፍሩ። «ምን ነክተህበት ነው?» ብላችሁ ከጀመራችሁ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ምንም አይነግራችሁም። ብልሽት የተናገረ ሰው እንደማይወቀስ ኃላፊው በግልጽ መናገር አለበት። ይህን ሳያደርጉ ደብተር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ብልሽቱን የሚያውቀው ጥገና ክፍል ብቻ ከሆነም አልተነገረም ማለት ነው። የቀዶ ጥገና ክፍሉ፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍሉና የማዋለጃው ተረኞች ዛሬ ማታ ጄኔሬተሩ እንደማይታመን ማወቅ አለባቸው። የኦክስጅን ሲሊንደር ያቀርባሉ። ሊዘገይ የሚችል ቀዶ ጥገና ያዘገያሉ።

ሦስት ጥያቄ፣ አንድ ቀነ ገደብ

ማስታወሻው እንደደረሰ ሦስት ነገር ጠይቁ። መብራት አሁን ቢጠፋ ይነሳል? ጭነቱን ይሸከማል? እስከ ጠዋት ይዘልቃል? አንዱም መልስ «አይ» ወይም «እንጃ» ከሆነ ጄኔሬተሩ እንደሌለ ቁጠሩት። «ምናልባት ይነሳ ይሆናል» ብሎ ታማሚ ማስተኛት አይቻልም።

ከዚያ ቀነ ገደብ ይቆረጣል። በአሜሪካ የኒውክሌር ማመንጫዎች ከሁለቱ ጄኔሬተሮች አንዱ ከተበላሸ መደበኛው የጥገና ገደብ 72 ሰዓት ነው። ረዘም ያለ ጊዜ የተፈቀደላቸውም አሉ። ገደቡ ካለፈ ሪአክተሩ ራሱ ይዘጋል። ሆስፒታል መዝጋት አይቻልም፤ ግን ገደቡ ሲያልፍ ምን እንደሚደረግ ቀድሞ መጻፍ ይቻላል። ጄኔሬተር መከራየት፣ ከሌላ ተቋም መዋስ፣ ታማሚ ማዛወር። ማን እንደሚወስን ስሙ ይጻፍ።

ሁለት ጄኔሬተር ካላችሁ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ፣ እኔ በጣም የምወደው። እነዚያ ማመንጫዎች አንዱ ሲበላሽ በ24 ሰዓት ውስጥ ሌላኛው በተመሳሳይ ምክንያት አለመበላሸቱን ማረጋገጥ አለባቸው። የአንዱ ናፍጣ ውሃ ከገባበት የሌላኛውም ናፍጣ ከዚያው ቦቴ የተቀዳ ሊሆን ይችላል። የአንዱ ባትሪ ከሞተ ሌላውም በዚያው ቀን የተገዛ ነው። አንዱን ከመፍታታችሁ በፊት ሌላኛውን አስነሱና እዩ። ሁለቱን በአንድ ቀን አትፍቱ።

ከመፍታታችሁ በፊት

በራሱ የሚነሳ ጄኔሬተር እጅ ይቆርጣል። መብራት ሲጠፋ እናንተ ቺንጊያው ላይ መሆናችሁን አያውቅም። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። መራጩን ከአውቶ ወደ ኦፍ አዙሩ። የባትሪ ቻርጀሩን አጥፉ። የባትሪውን ኔጌቲቭ እግር መጀመሪያ ፍቱ፤ ስትመልሱት መጨረሻ ይታሰራል። ወደ ሕንፃው የሚሄደውን ብሬከር አጥፉና ቆልፉ። «አትንኩ፣ ሰው እየሠራ ነው» የሚል ካርድ ስማችሁንና ስልካችሁን ጽፋችሁ ስቀሉ። ካርዱን የሚያነሳው የሰቀለው ሰው ብቻ ነው።

ባትሪ አጠገብ ሲጋራም ብልጭታም አይኑር፤ ቻርጅ ሲደረግ የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳል። የሞቀ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም። ሞተሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይነሳ። ጭሱ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰው ሳያውቀው ይገድላል።

ባትሪና ሞተሪኖ

አልነሳም ካለ ከዚህ ጀምሩ፤ ብዙ ጊዜ ጣጣው እዚህ ነው። ቻርጀሩን አጥፍታችሁ ባትሪውን ጥቂት ሰዓት አሳርፉና ለኩ። ጤነኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 አካባቢ ያሳያል። ከ12.4 በታች ከሆነ ቻርጅ ይፈልጋል። 12 ላይ ከደረሰ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ትልልቆቹ ጄኔሬተሮች ሁለት ባትሪ ተቀጣጥሎላቸው በ24 ቮልት ይሠራሉ፤ እያንዳንዱን ለየብቻ ለኩ። አንዱ የሞተ ባትሪ በድምሩ ውስጥ ይደበቃል።

ቆሞ መለካት ግን አይበቃም። እውነቱ የሚወጣው ሞተሪኖው ሲጎትት ነው። አንድ ሰው ያስነሳ፣ ሌላው ቴስተሩን ያንብብ። ባለ 12ቱ ከ9.6 በታች ከወረደ ደክሟል። ባለ 24ቱ ከ19 በታች መውረድ የለበትም። አሁን የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው እርሳስ ላይ፣ ሌላውን የሽቦው መያዣ ላይ አድርጋችሁ እንደገና አስነሱ። ግማሽ ቮልት ከጠፋ ችግሩ መጋጠሚያው ነው። ነጩን ዝገት በሞቀ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠቡት፣ አድርቁት፣ በሽቦ ብሩሽ ጥረጉት፣ አጥብቁት። ከላይ ቫዝሊን ይቀባ። አዲስ ባትሪ ተገዝቶ የቆሸሸው መያዣ እንዳለ የሚታሰርበት ጊዜ ብዙ ነው። ችግሩም ከወር በኋላ ይመለሳል።

ባትሪው በየጊዜው የሚወድቅ ከሆነ ቻርጀሩን ጠርጥሩ። ቻርጀሩ ሲሠራ በባለ 12 ባትሪ ላይ 13.5 አካባቢ መነበብ አለበት።

ናፍጣው

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። አየሩ እርጥብ ነው። ግማሽ የጎደለ የነዳጅ ታንክ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ሆኖ ይወርዳል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታች ይተኛል። በውሃውና በናፍጣው መካከል ተሕዋስያን ይራባሉ፤ ጥቁር አተላ የሚመስል ነገር ይሠራሉ። ያ አተላ ፊልትሮውን ይደፍናል። ጄኔሬተሩ ይነሳና ጭነት ሲመጣበት ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ይሞታል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ታንኩን ሙሉ አድርጉ፣ ባዶ ቦታ አትተዉ። በየሳምንቱ ከታች ካለው ማፍሰሻ በጠራ ብርጭቆ ቅዱና ወደ ብርሃን አንሱት። ታች የውሃ መስመር ካለ ናፍጣ ብቻ እስኪመጣ አፍስሱ። ጥቁር ክር ወይም መጥፎ ሽታ ካለ ታንኩ መታጠብ አለበት፤ ፊልትሮ መቀየር ብቻ ለጥቂት ቀን ነው የሚያቆየው። ከዓመት በላይ የቆመ ናፍጣም አይታመን። የታንኩ መተንፈሻና ክዳን ዝናብ እንደማያስገቡ ክረምት ሳይገባ እዩ።

ፊልትሮ ከቀየራችሁ አየር ይገባል። በአሮጌዎቹ ሞተሮች የፊልትሮውን ራስ የአየር ብሎን አላሉት፣ የእጅ ፓምፑን ምቱ፣ አረፋ የሌለው ናፍጣ ሲመጣ አጥብቁ። ኮመን ሬይል በሚባሉት አዳዲስ ሞተሮች ግን የከፍተኛ ግፊቱን ቱቦ በፍጹም አታላሉ። ሞተሩ እየዞረ የሚወጣው የናፍጣ ፍንጣቂ ቆዳ ይበሳል፤ እንዲህ የተወጋ ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወዲያው ሐኪም ማየት አለበት።

ሙቀትና ጭነት

ቡና መፈልፈያ አጠገብ ያለ ጄኔሬተር ጠላቱ ገለፈት ነው። በመኸሩ ወራት ብናኙ በራዲያተሩ ክንፎች መካከል ገብቶ እንደ ጥጥ ይጠቀጠቃል። ሞተሩ ባዶውን ደህና ይሠራል፤ ጭነት ሲይዝ ይግላል። አየሩ ከሚገባበት ተቃራኒ አቅጣጫ በአየር ንፉት። ግፊቱ በዝቶ ክንፎቹን እንዳያጥፍ ተጠንቀቁ። ቺንጊያው ከተሰነጠቀ፣ ጎማ ቱቦው ሲጫን ከላላ ወይም ከደረቀ አትጠብቁ፣ ቀይሩ።

ሌላው ከፍታ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ ላይ የተለጠፈው ኪሎ ዋት ዝቅ ላለ ቦታ የተሰላ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ያንን ሁሉ አያወጣም። የአምራቹ መጽሐፍ ለከፍታ የሚቀነሰውን የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለው። «ጭነት አይችልም» ተብሎ ከተመዘገበ ፓምፑን ከመፍታት በፊት ያንን ሠንጠረዥ ክፈቱ። አዲስ ሕንፃ ተጨምሮበትም ሊሆን ይችላል።

የጄኔሬተሩን የቮልቴጅ መቆጣጠሪያና ኤቲኤሱን (መብራት ሲጠፋ መስመሩን በራሱ ወደ ጄኔሬተር የሚያዞረውን መቀየሪያ) ለኤሌክትሪሺያን ተዉ። መካኒክ እዚያ መግባት የለበትም።

መለዋወጫ

አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ያልተያዘ ፊልትሮ የሁለት ቀን ጨለማ ሊሆን ይችላል። አንድ ሙሉ የፊልትሮ ስብስብ፣ አንድ ቺንጊያ፣ የራዲያተር ቱቦዎችና ፊውዞች መደርደሪያ ላይ ይኑሩ። ስትገዙ የአሮጌውን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። አስመስሎ የተሠራ ፊልትሮ በካርቶኑ አይለይም፤ በክብደቱ፣ በወረቀቱ አጣጣፍና በጎማ ማሸጊያው ግን ከአሮጌው ጋር ሲነጻጸር ይታያል። የወጣውን ዕቃ አትጣሉ። ቀንና የማስታወሻ ቁጥር ለጥፋችሁበት አስቀምጡ። ብልሽቱ ከተመለሰ ምስክሩ እሱ ነው።

ተጠገነ የሚባለው መቼ ነው?

ተነስቶ ድምፁ ጥሩ ስለሆነ አልተጠገነም። ጭነት መሸከም አለበት። የአሜሪካው የእሳት መከላከያ ማኅበር ደረጃ ቁጥር 110 በየወሩ ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ከተጻፈበት አቅም 30 በመቶ ባላነሰ ጭነት ይፈተን ይላል። ዲዝል ባዶውን ሲሠራ በቂ ሙቀት አያገኝም። ያልነደደ ናፍጣ ማርሚታው ውስጥ እንደ ጥቁር ዘይት ይከማቻል። በየሳምንቱ ለአምስት ደቂቃ ባዶውን ማስነሳት ፈተና ይመስላል፤ ማሽኑን ግን ያዳክመዋል። የኒውክሌር ማመንጫዎች በየወሩ ጭነት ያሲዙታል፤ ነዳጅ በሚቀይሩበት ዑደት ደግሞ 24 ሰዓት ያስሮጡታል።

ከጭነቱ ቀጥሎ ሰንሰለቱ በሙሉ ይፈተን። ስዊድን ፎርስማርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 2006 ከአራቱ ጄኔሬተሮች ሁለቱ ኃይል ሳይሰጡ ቀሩ። ሞተሮቹ ደህና ነበሩ። ያልተሳካው ተጠባባቂው የመቆጣጠሪያ ኃይል ነው። ሠራተኞች በእጅ እስኪያገናኟቸው 22 ደቂቃ ገደማ ሄደ። ስለዚህ ጄኔሬተሩን በቁልፉ አታስነሱ። ክፍሎቹን አስጠንቅቃችሁ፣ ሐኪሞቹ ከተስማሙ በኋላ፣ ከመብራት ኃይል የሚመጣውን ዋና ብሬከር አጥፉ። ሰዓት ያዙ። በራሱ ተነሳ? ኤቲኤሱ አዞረ? በስንት ሰከንድ? በኒውክሌር ማመንጫ ብዙ ጊዜ የሚጠበቀው 10 ሰከንድ ነው። የእናንተን ቁጥር ጻፉትና ከወር ወር አስተያዩት። ከ9 ወደ 14 የሄደ ማሽን የሚናገረው ነገር አለ።

መብራቱን መልሱ። ጄኔሬተሩ ቀዝቅዞ በራሱ ይቁም። ከዚያ ጥገናውን ያልሠራ ሌላ ሰው ይምጣና መራጩ አውቶ ላይ መሆኑን፣ የናፍጣው ቧንቧ መከፈቱን፣ ብሬከሩ መመለሱን፣ ቻርጀሩ መብራቱን በዓይኑ አይቶ ይፈርም። ፍጹም የተጠገነ ጄኔሬተር መራጩ ኦፍ ላይ ተረስቶ ሲቀር እንደተበላሸ ነው።

ለሌሎች ማሳወቅ

ብልሽቱ የመጣው ከዕቃው አሠራር ከሆነ ነገሩ ከግቢያችሁ ይወጣል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ ደንብ አለ፤ ክፍል 21 ይባላል። ለደኅንነት የሚያሰጋ እንከን መኖሩ የተነገረው ኃላፊ በሁለት ቀን ውስጥ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ማሳወቅ፣ በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ በጽሑፍ ማቅረብ ግዴታው ነው። ይህ ግዴታ ማመንጫውን ብቻ ሳይሆን ዕቃውን የሸጠውንም ይይዛል። በዚህ መንገድ አንድ ቦታ የተገኘ ደካማ ክፍል ያንኑ በገዙት ሁሉ ዘንድ ይፈተሻል።

እኛም ማድረግ እንችላለን። ለሻጩ በደብዳቤ ጻፉ፤ ስልክ ይረሳል። ደብዳቤው የሞዴሉን ስም፣ የሞተሩንና የጄኔሬተሩን መለያ ቁጥር፣ የሠራበትን ሰዓት፣ የተበላሸውን ክፍል ቁጥር፣ ፎቶና የማስታወሻውን ቅጂ ይያዝ። የምትፈልጉትን ግልጽ አድርጉ፦ ምክንያቱ ተመርምሮ በጽሑፍ ይመለስልን፣ ተመሳሳይ ዕቃ የሸጣችሁላቸውም ይነገራቸው። የተቀበለው ሰው ቅጂው ላይ ይፈርምላችሁ። ከዚያ ያንኑ ሞዴል ወደያዙት ጤና ጣቢያዎች ደውሉ። ጅማ ውስጥ የጥገና ሰዎች ይተዋወቃሉ። አጋሮ ወይም ሊሙ ላለው ባልደረባችሁ «ያንተን ነገ ፈትሸው፣ የኛ ከዚህ ጋ ሄዷል» ማለት የአንድ ስልክ ሥራ ነው። ለማን እንደነገራችሁ ከቀኑ ጋር ደብተሩ ላይ ጻፉና ማስታወሻውን ዝጉ።